የሚነዝር ቧንቧ

«ልጄ፣ ይሄ ቧንቧ ሁለት አመል አለው። ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ ስነካው ደግሞ ጣቴን ይነዝረኛል» አሉኝ እማማ፣ የባኞ ቤታቸውን በር ከፍተው ሚክሰሩን እያሳዩኝ። ሁለት እጀታ ያለው የድሮ ሚክሰር ነው፤ ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ ተተክሏል። ከእኔ በፊት የመጣው ሠራተኛ ጎሚኒ ቀይሮላቸዋል። ስለ ንዝረቱ ሲጠይቁት «እርጥበት ነው እማማ፣ ምንም አይደል» ብሏቸው ሄዷል።

መፍቻዬን ከቦርሳ አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ከተትኩትና «የብሬከር ሳጥኑ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ግር አላቸው። «እኔ እኮ የጠራሁህ ለቧንቧ ነው፣ ልጄ።»

አይፈረድባቸውም። ሰው ለቧንቧ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ለመብራት የመብራት ሠራተኛ ነው የሚጠራው። እኛም ሙያውን ለየብቻ ነው የምንማረው። የአገራችን የሕንፃ ኮድ እንኳ የቧንቧ ሥራንና የኤሌክትሪክ ዝርጋታን ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። ባኞ ቤት ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ግድግዳ፣ አንዳንዴም አንድ ብሎን ይጋራሉ። ሙቅ ውኃ የሚመጣው ከቦይለር ነው፤ በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ 220 ቮልት የሚሄድበት ማሞቂያ ተነክሯል። ማሞቂያው ሲጎዳና ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ኧርዙ፣ ሳይኖር ሲቀር ኤሌክትሪኩ ውኃውንና የብረት ቧንቧውን ተከትሎ ሚክሰሩ ድረስ ይመጣል። እዚያ የሚጠብቀው ባዶ እግሩን እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ሰው ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የቧንቧ ሠራተኞች፣ ለሕንፃ ጥገና ሠራተኞችና በገዛ ቤታቸው መፍቻ ለሚያነሱ ሁሉ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፦ የባኞ ቤት ቧንቧ ጥገና የሚጀመረው ከብሬከር ሳጥኑ ነው።

ሥራው እንዲህ ይጀመራል። የቦይለሩን ብሬከር አውርዱ፤ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ዋናውን አውርዱ። በሩ አጠገብ ያለውን የቦይለር ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቶ መግባት አይበቃም። ብዙ ቤት ውስጥ ያ ማጥፊያ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የሚቆርጠው። ሲዘረጋ ፌዝና ኒውትራል ተቀያይረው ከሆነ የቆረጠው ኒውትራሉን ነው፤ የማጥፊያው መብራት ጠፍታ ማሞቂያው ግን ፌዝ ይዞ ይቀመጣል። ቦይለሩ በሶኬት የሚሠራ ከሆነ ስፒናውን ንቀሉት። በየቤታችን ያለው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሶኬት ስፒናውን በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚቀበል ዛሬ በትክክል የተሰካው ነገ ተገልብጦ ሊሰካ ይችላል። ለቦይለር የሚገባው ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አዲስ የምታስገቡ ከሆነ ይህን ጠይቃችሁ ግዙ። ከዚያ በኋላ መብራት መቋረጡን በመልቲሜትር ለኩ። መብራት ያላት የቴስተር ካቻቢቴ ለጥርጣሬ ትጠቅማለች እንጂ ለዋስትና አትሆንም፤ ሳትበራ የቀረችበትን ሽቦ ጨብጠው የተጎዱ ሰዎች አሉ። ሜትሩንም ቢሆን መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ሥራችሁ ላይ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ እንደገና ሶኬቱ ላይ።

ብሬከሩ ወርዶ፣ የውኃው ቫልቭ ተዘግቶ፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም ተከፍቶ በቱቦ ውስጥ የቀረው ውኃ ከፈሰሰ በኋላ መፍቻ ይነሳል። አንድ ጨርቅ የገንዳው ፍሳሽ ቀዳዳ ላይ ጣል አድርጉ፤ እዚያ የገባች ትንሽ ብሎን ተመልሳ አትወጣም። ሌላ ጨርቅ ወይም ካርቶን ገንዳው ወለል ላይ አንጥፉ። ከእጅ ያመለጠ መፍቻ የባለቤቱን ገንዳ ሸርፎ ከሥራው ዋጋ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

አሁን ወደ ጠብታው። ሰው ጠብታን ይንቃል። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 86,400 ጠብታ ነው፤ 4,000 ያህሉ አንድ ሊትር ስለሚሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይሆናል። የምናውቀው ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው፣ በየቀኑ አንድ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ትርጉሙን አያጣውም። የሚንጠባጠበው ሙቁ በኩል ከሆነ ደግሞ ያ ጀሪካን በመብራት የሞቀ ነው።

የድሮው ዓይነት፣ እጀታው ብዙ ዙር የሚዞረው ቧንቧ፣ ውኃውን የሚዘጋው በጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲያልቅ ሰው ጠበቅ አድርጎ ይዘጋል፤ በማግሥቱ ይበልጥ ጠበቅ ያደርጋል። ያ ጉልበት ጎሚኒውን ከማድቀቁም በላይ የነሐሱን መቀመጫ ይበላዋል። እማማ ቤት የሆነው ይህ ነው። የቀደመው ሠራተኛ አዲስ ጎሚኒ አስገብቷል፤ ጎሚኒው የሚያርፍበትን መቀመጫ ግን በጣቱ አልዳሰሰም። እኔ ጣቴን ሳስገባ በአንድ በኩል ጥፍር የሚይዝ ቦይ አገኘሁ። በዚያ ቦይ ላይ በወር ውስጥ ሦስት ጎሚኒ ብትቀይሩም ይንጠባጠባል። መቀመጫው በመሞረጃ ይስተካከላል፤ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ይቀየራል፤ ሁለቱም ካልሆነ ቧንቧው በሙሉ መለወጥ አለበት፤ ይህንን ለባለቤቱ ፊት ለፊት መናገር ነው። ሙቁ በኩል ለሙቀት የተሠራ ጎሚኒ ይግባ። ተራው ጎሚኒ ሙቅ ውኃ ላይ ያብጥና ውኃው መጀመሪያ በደንብ መጥቶ ቆይቶ ይቀጥናል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ጥፋቱን ቦይለሩ ላይ ያደርገዋል።

ባለ አንድ እጀታው ሚክሰር ጎሚኒ የለውም። በውስጡ ሁለት የሸክላ ገበታ የያዘ ካርትሪጅ አለ። ሸክላው ጠንካራ ነው፤ የሚገድለው አሸዋና ዝገት ነው። እጀታው ሥር ያለችውን ቀይና ሰማያዊ ክዳን በቀስታ አንስታችሁ ትንሿን ብሎን ስትፈቱ እጀታው ይወጣል፤ ከሥሩ ያለውን ቀለበት ስትፈቱ ካርትሪጁ ብቅ ይላል። በብዛት የሚገኘው 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ሥሩ ላይ ያሉት እግሮች ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። ስለዚህ መርካቶ ስትወርዱ በቃል አትግለጹ፤ አሮጌውን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሲገጠም ቀለበቱን በእጅ ከዳር ካደረሳችሁ በኋላ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ጨምሩ።

ገንዳ ባለበት ቤት የሚመጣ ሌላ ስሞታ አለ፦ «ሻወሩን ስከፍት ውኃው ግማሹ ከታች ይፈሳል።» ይህ ውኃውን ከገንዳው መሙያ አፍ ወደ ሻወሩ የሚያዞረው መሳቢያ ነው። ውስጡ ያለው ጎሚኒ ወይም ኦሪንግ አልቋል፤ ካልሆነም የኖራ ቅርፊት ይዞት አልመለስ ብሏል። ቅርፊት ከሆነ ፈትቶ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃዋል። ድሬዳዋና መቀሌ የሠራችሁ የውኃቸውን ጨው ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ይህ በየጊዜው የሚሠራ ሥራ ነው። ውኃው በአንድ ቧንቧ ላይ ብቻ ከቀጠነም መጀመሪያ አፉ ላይ ያለውን ወንፊት ፈትታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ አዲስ ሚክሰር የተገዛለት ችግር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚጸዳ ሆኖ ይገኛል።

አሸዋው የሚመጣው ከፈረቃው ጋር ነው። ውኃ ሄዶ ሲመለስ አየር፣ ዝገትና ደለል እየገፋ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ውኃ በሚክሰሩ አታሳልፉት። ወንፊትም ካርትሪጅም የሌለውን ተራ ቧንቧ፣ የልብስ ማጠቢያውን ወይም የግቢውን፣ ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱት፤ ወለል ለመወልወል ይሆናል። ቦይለሩን ደግሞ ውኃ እንደሄደ አጥፉት። መግቢያው ላይ ውኃ የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ቦይለሩ ውኃውን ወደ ታች ይመልሳል፤ ባዶውን የጋለ ማሞቂያ ይቃጠላል ወይም ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ማሞቂያ ነው በኋላ ቧንቧውን የሚያስነዝረው። ውኃ ሲመለስ የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ሳያስነጥስ፣ ሳይቆራረጥ ሲወርድ ነው ቦይለሩ የሚበራው። «ውኃ መጣ አልመጣ» እያሉ ቧንቧ ከፍቶ ትቶ መውጣት ደግሞ ብዙ የኮንዶሚኒየም ጎረቤትን አጣልቷል፤ የላይኛው ቤት ጎርፍ የታችኛው ቤት የመብራት ስካቶላ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሙቁ ለብ ብቻ ሲል፣ ወይም ሻወሩ መካከል ላይ ድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ብዙ ጊዜ ቦይለሩ ንጹሕ ነው። ቀዝቃዛው ከመንገድ መስመር፣ ቦይለሩ ግን ከጣሪያ ሮቶ የሚቀዳበት ቤት አለ። ከቧንቧው 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ግማሽ ባር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የመንገዱ ግፊት ውኃ ባለበት ሰዓት የዚህን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሚክሰሩ ውስጥ ሲገናኙ ቀዝቃዛው ሙቁን ገፍቶ ወደ ቦይለሩ፣ አልፎም ወደ ሮቶው ይሄዳል። ሮቶው ያለ ምክንያት ሞልቶ ሲፈስ ያያችሁት እንደሆነ ተንሳፋፊውን ከመቀየራችሁ በፊት ይህንን ጠርጥሩ። መፍትሔው ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ከአንድ ምንጭ መቅዳት ነው፤ ካልተቻለ በሁለቱም ላይ የማይመልስ ቫልቭ ማስገባት።

ቦይለሩ ሥር ካለው የደኅንነት ቫልቭ የሚወርደውን ጠብታ ግን አትንኩት። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፦ 50 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1 ሊትር ይጨምራል፤ ያ ትርፍ መውጫ ያስፈልገዋል። በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ቢንጠባጠብ ሥራውን እየሠራ ነው። ቀንም ሌሊትም፣ ቦይለሩ ጠፍቶም ከወረደ ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይ ቫልቩ አልቋል። ይህን ቫልቭ በቡሽ የደፈኑ፣ በቴፍሎን የጠቀለሉ ቤቶች ገብቼ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ቫልቩ የተደፈነበት ቦይለር ካያችሁ ሳትከፍቱት አትውጡ። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ካልቆረጠ ግፊቱ መሄጃ የለውም።

ወደ ንዝረቱ ልመለስ። የምትነዝር ሚክሰር የቧንቧ ብልሽት አይደለችም፤ «እርጥበት ነው» የሚባል ነገርም የለም። እርጥበት ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ከአንድ ቦታ ያመለጠ ፌዝ አለ ማለት ነው። ሰው በጣቱ ንዝረት የሚሰማው ወደ 1 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ነው። ወደ 10 ሲጠጋ ጡንቻ ይኮማተርና የጨበጡትን መልቀቅ ያቅታል፤ 30ን ሲያልፍ ትንፋሽ ይታፈናል፤ ከዚያ ሲጨምር ልብ ምቱን ስቶ ሊቆም ይችላል። የረጠበ ሰው ሰውነት መቋቋሙ ወደ 1,000 ኦም ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። 220 ቮልትን በ1,000 ስታካፍሉት 220 ሚሊ አምፔር ይመጣል። ዛሬ ነዘር ብቻ ያደረገው ፍሳሹ ገና ትንሽ ስለሆነ፣ ወይም እማማ በጎማ ጫማ ስለቆሙ ነው። ማሞቂያው በየቀኑ እየተበላ ይሄዳል፤ ጫማውም አንድ ቀን በሩ ላይ ይቀራል።

ፍለጋው ከቦይለሩ ይነሳል። መብራት ተቆርጦ፣ የሥር ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሽቦዎቹ ከማሞቂያው ተላቀው ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው የማሞቂያው ሁለት ጫፍ ነው፦ ባለ 1,500 ዋት ከሆነ 32 ኦም አካባቢ፣ ባለ 2,000 ዋት ከሆነ 24 አካባቢ ሊሰጥ ይገባል። ይህ ልክ ሆኖ መገኘቱ ግን ማሞቂያውን ነፃ አያወጣውም፤ በደንብ እያሞቀ የሚነዝር ሞልቷል። ዋናው ሁለተኛው ልኬት ነው፦ ከማሞቂያው ጫፍ ወደ ቦይለሩ ብረት። እዚህ ጋ ምንም መተላለፍ መኖር የለበትም። ሜገር የሚባለው የኢንሱሌሽን መለኪያ ያላችሁ በእሱ ለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አትመኑት። በማሞቂያው ሽቦና በቅርፊቱ መካከል ያለው ነጭ ዱቄት በስንጥቁ ውኃ ሲጠጣ ነው ፌዙ የሚያመልጠው። እንዲህ ያለ ማሞቂያ አይጠገንም፤ ይቀየራል። አብራችሁ ቦይለሩን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዥየም ዘንግ እዩ፤ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ከቀረ እሱም ይለወጥ።

የቤቱ ቦይለር ንጹሕ ሆኖም ቧንቧው ሊነዝር ይችላል። አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ቀን ቀን ስለካ አጥቼው፣ ማታ ወደ አንድ ሰዓት ግድም ብቻ የሚመጣ ንዝረት ገጥሞኛል። ያ ሰዓት ከላይ ያለው ጎረቤት ከሥራ ገብቶ ቦይለሩን የሚያበራበት ነበር። የሕንፃው ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ብረት ስለሆነ የእሱ ብልሽት እዚህ ድረስ ወርዷል። ስለዚህ ባለቤቱን «መቼ መቼ ነው የሚነዝርህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከሜትር ቀድሞ መንገድ ያሳያል። የጎረቤት በር ማንኳኳትም የሥራው አካል ነው።

ኧርዝ የሚባለው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ለዚህ ቀን የተዘረጋ ነው። ፌዝ አምልጦ የቦይለሩን ብረት ሲነካ በሰው በኩል ከመሄዱ በፊት ወደ መሬት የሚወርድበት ሰፊ መንገድ ይሰጠዋል። ስንት ቤት ግን ሶኬቱ ላይ የኧርዝ መያዣው እያለ ከኋላው ሽቦ የለም! ወይም ሽቦው ብሬከር ሳጥኑ ድረስ ይመጣና እዚያ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ የለም። ከዚህ የባሰው ኧርዙን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው። ቧንቧው ብረት ከሆነ ብልሽቱን ለጎረቤት ሁሉ ታከፋፍላላችሁ፤ ዛሬ እንደሚዘረጋው ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የትም አያደርስም፣ ብረት የሆነውን ሚክሰር ብቻ ፌዝ ያስይዛል። ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ሶኬቱ ውስጥ ማገናኘትም እንዲሁ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ የተበጠሰ ቀን የቦይለሩ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል።

«ብሬከር አለኝ እኮ» የሚል ባለቤት ሲያጋጥማችሁ ይህን አስረዱት። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር የሚቆርጠው ከ16 አምፔር በላይ ሲሄድበት ነው፤ ሰውን የሚያሰጋው 30 ሚሊ አምፔር የዚህ ከ500 እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ሰው ሲያዝ ብሬከሩ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ነው፣ አር ሲ ዲ የሚሉት። በፌዝ የወጣው ኤሌክትሪክ በኒውትራል ሙሉ በሙሉ መመለሱን ያወዳድራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ሌላ መንገድ አገኘ ብሎ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ይቆርጣል። ለባኞ ቤት ስትገዙ ላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ወይም 0.03 አምፔር የሚል መጻፉን እዩ፤ 100 ወይም 300 የሚለው ለእሳት አደጋ መከላከያ እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም። «ቲ» የሚል ፊደል ያለባት ቁልፍ አለችው፤ በየወሩ ተጫኗት፤ ካልወረደ አልቋል። ይህ ዕቃ የኧርዝ ምትክ አይደለም። ኧርዝ ካለ ማሞቂያው በተሰነጠቀበት ሰዓት ይቆርጣል፤ ኧርዝ ከሌለ የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው፣ ያም ሰው ለቅጽበት ይመታል።

ከተገጠመ በኋላ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ «ዕቃው መጥፎ ነው» ብሎ አውጥቶ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት በሙያችን ውስጥ የማየው ትልቁ በደል ነው። ሁሉንም ብሬከር አውርዱ፣ ስፒናዎቹን ንቀሉ፣ አር ሲ ዲውን አንሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ። የሚያወርደው ሲመለስ ይወርዳል። በአብዛኛው ቦይለሩ ነው፤ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ፤ ቀጥሎ የአንዱ ክፍል ኒውትራል ከሌላው ጋር የተቀላቀለበት ስካቶላ። የብሬከር ሳጥኑን መክፈትና ማስተካከል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የቤት ባለቤት ድርሻ ማውረድ፣ ማንሳትና ቁልፏን መጫን ላይ ያበቃል።

የባኞ ቤቱን አቀማመጥ በተመለከተ ዓለም አቀፉ ደንብ ገንዳውንና ዙሪያውን በቀጠና ይከፍለዋል፦ ገንዳው ውስጥ፣ ከገንዳው በላይ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ፣ ከዚያም ወደ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር። እዚህ ውስጥ ሶኬት አይተከልም። በትንሿ የኮንዶሚኒየም ባኞ ቤት ይህን ስትለኩ ለሶኬት የሚተርፍ ግድግዳ ላይኖር ይችላል፤ ካልተረፈ ሶኬቱ ከበሩ ውጭ ይሁን፣ ማብሪያ ማጥፊያውም እንዲሁ። በዚህ ክልል የሚሰቀል መብራት ቢያንስ ውኃ ሲረጭበት የሚቋቋም፣ «አይ ፒ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ሁለተኛው ቁጥር 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይገዛ። ዲቫይደር ስቦ ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ማስቀመጥ፣ በእርጥብ እጅ የጸጉር ማድረቂያ መያዝ በፍጹም የማይደረጉ ናቸው፤ ልጆች ላሉበት ቤት ይህን ቁጭ ብላችሁ ንገሩ።

ውኃ ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቀው የሻወር ራስ ለብቻው ጥቂት ቃል ይገባዋል፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ቤት ገብቷል። ባለ 5,500 ዋቱ 25 አምፔር ይስባል። ይህ ለሶኬት በተዘረጋ ባለ 2.5 ሽቦ ላይ ሲገጠም ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር መውረድ ይጀምራል፤ «ባለሙያው» መጥቶ ብሬከሩን በ32 ይቀይረዋል፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይጋላል። ብሬከር አይተልቅም፣ ሽቦ ሳይተልቅ። ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ የተሳበ ባለ 6 ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የማያወላዳ ኧርዝ ከሌለ ይህን ዕቃ አትግጠሙ። ራሱ ከሰው አናት በላይ ተንጠልጥሎ ውኃ የሚያፈስበት ነው።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የቦይለሩን ቴርሞስታት 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በታች ለብ ብሎ የሚቆይ ውኃ ተሕዋስያን ይራቡበታል። በ60 ዲግሪ ውኃ ግን የትልቅ ሰው ቆዳ እንኳ በ5 ሰከንድ ገደማ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ገንዳ ሲሞላ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ልጅ የሚገባው በክርን ከተሞከረ በኋላ ነው።

ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ካገኛችሁ አትንኩት፤ ብሬከሩን አውርዱ። ሳጥኑ ሩቅ ከሆነ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ መጥረጊያ ዘንግ አላቁት። ካልተነፈሰ ሌላ ሰው 907 ወይም 939 ላይ ይደውል፤ እናንተ ደረቱን መሐል ለመሐል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየገፋችሁ እርዳታ እስኪመጣ አታቋርጡ። ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የልብ ምት መዛባት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

እማማ ቤት ያገኘሁት የተሰነጠቀ ማሞቂያ ነበር፤ ሶኬቱ ላይ ኧርዝ የለም። ቦይለሩን ነቅዬ የስፒናውን ሽቦ እጃቸው በማይደርስበት አሰርኩና «ይህ ሳይሠራ እንዳያበሩት፤ ውኃ በምድጃ ያሙቁ» አልኳቸው። ሥራው የሁለት ሰው ስለሆነ የምተማመንበትን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በማግሥቱ ይዤ መጣሁ። እሱ ግቢው ውስጥ የኧርዝ ዘንግ ተክሎ ሽቦውን እስከ ቦይለሩ ሳበ፣ አር ሲ ዲ አስገባ፤ እኔ ማሞቂያውንና ቫልቩን ቀየርኩ፣ መቀመጫው የተበላውንም ሚክሰር በአዲስ ተካሁ። ወጪው ከጎሚኒ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዋጋውን ከመጀመሬ በፊት፣ እያንዳንዱን ዕቃ ለምን እንደሚያስፈልግ እያሳየሁ ነው የነገርኳቸው፤ አሮጌውን ማሞቂያ ስንጥቁ እንዲታይ አድርጌ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሠራተኞች፣ ይህን ልማድ ያዙ። የሚያዩትን የማይረዱ ሰዎች የሚከፍሉትን ይጠራጠራሉ።

ስንጨርስ ውኃውን ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ፤ የጥገና ጠብታ ቶሎ አይታይም። እማማ ቡና አፈሉ። ከዚያ ብሬከር ሳጥኑ ጋ ወስጄ የቲ ቁልፏን በራሳቸው ጣት አስጫንኳቸው፤ ቀጭ ብሎ ቤቱ ሲጨልም ደንገጥ አሉና ሳቁ። መልሰው እንዴት እንደሚያነሱት ሁለቴ አደረጉት። የልጅ ልጃቸው ነጭ ፕላስተር ቆርጣ ከቦይለሩ ብሬከር በላይ ለጠፈች፤ በቀይ እስክሪብቶ «ቦይለር፣ ውኃ ሲሄድ ይጥፋ» ብላ ጻፈችበት።